ፌራዮው ሳይደውል የሚሠራበት የስትራክቸራል ድሮዊንግ

የሕንፃውን ኮንክሪትና ፌሮ የሚያሳየው ስትራክቸራል ድሮዊንግ የሚሠራው ቢሮ ቢሆንም፣ ፌሮ ቆርጦ የሚያስረው ፌራዮ የሚያነበው ሳይት ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከኤ1 ወደ ኤ3 ተቀንሶ በታተመ ወረቀት። ያኔ በ1:50 የተሠራው 1:100 ይሆናል፣ 2.5 ሚሊ የነበረው ጽሑፍም 1.25 ሚሊ ይቀርና ዓይን ያስጨንቃል። ኤ3 እንደሚታተም ካወቁ ጽሑፉን ከ3.5 ሚሊ አያሳንሱ፤ አውቶካድ ሞዴል ላይ በ1:50 ሲሠሩ 175 ሚሊ ማለት ነው።

መጀመሪያ የአርክቴክቱን ፕላን ከሥር አስገብተው አክሲስ (የምሰሶዎቹ መደዳ መስመር) በአክሲስ ያመሳክሩ። አክሲስ ሲሰይሙ አይ እና ኦ የሚባሉትን የላቲን ፊደላት ይዝለሉ፤ ከ1 እና ከ0 ጋር ይምታታሉ። አንድን ልክ ሁለት ቦታ አይጻፉ። ማሻሻያ ሲመጣ አንዱ ይታረማል፣ ሌላው ይረሳል፣ አናጺው ደግሞ የተረሳውን ያገኛል።

ጣጣው የሚበዛው ኮለን (ምሰሶ) ላይ ነው። «4 ባለ 16፣ ስታፋ ባለ 8 በየ150» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ይህ አራት ባለ 16 ሚሊ ዋና ፌሮ፣ ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀለበት (ስታፋ) ደግሞ ባለ 8 ሚሊ ሆኖ በየ150 ሚሊው ማለት ነው። 300 በ300 ኮለን ከቨሩ (ፌሮውን የሚሸፍነው ኮንክሪት ውፍረት) 25 ሚሊ ቢሆን፣ ከቨር የሚለካው ከስታፋው ውጭ ስለሆነ ስታፋው 250 በ250 ይሆናል። ይህ ካልተሣለ ፌራዮው 25ቱን ከዋናው ፌሮ ሊለካ ይችላል፤ ከስታፋው እስከ ካሳፎርማው (ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ) የሚተርፈው 17 ሚሊ ብቻ ነው። የመቁረጫ ርዝመቱንም ይጻፉለት፦ አራቱ ጎን 1000፣ የሚታጠፉት ሁለት ጫፎች በዲያሜትሩ 10 እጥፍ 80፣ 80፣ ድምሩ 1160 ሚሊ።

መደራረቢያውን (ሁለት ፌሮዎች ሲቀጠሉ ጎን ለጎን የሚሄዱበትን ርዝመት) «እንደ ኮዱ»፣ ማለትም እንደ ግንባታ ደንቡ፣ ብሎ መተው ስንፍና ነው። በስሌቱ የዲያሜትሩ 50 እጥፍ ከወጣ ለባለ 16 ፌሮ 800 ሚሊ ብለው ይጻፉ፣ የት ቦታ እንደሚደራረብም ይሣሉ። የወለሉ ከፍታ 3.20 ሜትር ከሆነ ከመደራረቢያው ጋር አንዱ ቁራጭ 4 ሜትር ነው፤ ከ12 ሜትር ፌሮ ሦስት ያለ ብክነት ይወጣል። ከፍታው 3.30 ቢሆን ግን ሁለት ብቻ ወጥቶ 3.80 ሜትር ይተርፋል። የፌሮ ዝርዝር ሰንጠረዡን ሲያዘጋጁ ይህን አስቀድመው ካዩት ትራፊው ለየትኛው ቢም እንደሚሆን እዚያው መመደብ ይቻላል። የፌሮውን ክብደት ለማስላት ዲያሜትሩን በሚሊ ወስደው በራሱ አባዝተው ለ162 ያካፍሉ፤ ባለ 16 በሜትር 1.58 ኪሎ ይመጣል።

ማሻሻያ ሲኖር የተለወጠውን ቦታ በደመና መስመር ይክበቡ፤ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ምን እንደተለወጠ ከርዕስ ሳጥኑ በላይ ይጻፉ። አዲሱን ሲያስረክቡ አሮጌውን ኮፒ ከፎርማኑም ከፌራዮውም እጅ ተቀብለው «የተሻረ» ብለው ማኅተም ይምቱበት።