ባዮስ አፕዴት ከከሸፈ በኋላ ቦርዱን የሚገድሉት ስህተቶች

ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) አፕዴት ሲደረግ መሃል ላይ ተቋርጦ ኮምፒውተሩ አልነሳም ሲል፣ ብዙ ጊዜ ቦርዱ አልሞተም። የተበላሸው አንዲት ባለ 8 እግር ትንሽ ቺፕ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ነው። ፕሮሰሰሩ ደህና ነው። ራሙም ደህና ነው። ዲስኩ ውስጥ ያለው ፋይላችሁም አልተነካም። ጥገና ላይ ተቀምጬ የማየው ግን ሌላ ነገር ነው። አፕዴቱ ያላደረሰውን ጉዳት ባለቤቱ፣ ወይም “ትንሽ ይችላል” የተባለ ጓደኛው፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ አድርሶበት ይመጣል። ዝም ተብሎ ቢመጣ ኖሮ በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ፣ ሳምንት ይፈጅብናል። አንዳንዴም ጭራሽ አይመለስም።

መጀመሪያ ችኮላው። ማሽኑ ገና እየሠራ ሳለ ሞቷል ብሎ መፍረድ። ባዮስ ከታደሰ በኋላ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ፋኑ እየጮኸ፣ ማሽኑ ራሱን ሁለት ሦስቴ አጥፍቶ ሊያበራ ይችላል። ጤነኛ ነው፣ ሥራውን እየሠራ ነው። ኤኤም5 ሶኬት ያላቸው የኤኤምዲ ቦርዶች ደግሞ ዲዲአር5 ራሙን እንደ አዲስ መፈተሽ አለባቸው፤ ሜሞሪ ትሬኒንግ ይሉታል፤ በጥቁር ስክሪን ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። ብዙዎቹ የኤችፒ ኤሊትቡኮች ሹር ስታርት የሚባል ነገር አላቸው፤ ባዮሱ መበላሸቱን ሲያውቁ ካስቀመጡት ቅጂ ራሳቸው ይመልሱታል። እንግዲህ ይህን እየሠራ ያለውን ማሽን ነው ሰው ፓወሩን ደጋግሞ የሚጫነው። ተዉት። ቻርጀሩ ላይ ሰክታችሁ ሂዱና ሻይ ጠጡ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው አትንኩት።

ከዚያ ቀጥሎ፣ ማሽኑ የሚነግራችሁን አለማየት። ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ለጌጥ አይደለም። ብዙ ዴል ላቲቲውዶች ላይ ብርቱካናማው 2 ጊዜ፣ ነጩ 2 ጊዜ ከበራ ችግሩ ባዮሱ ነው። 2 እና 3 ከሆነ ግን ራም አላገኘሁም እያለ ነው። ቆየት ባሉ ኤችፒ ላፕቶፖች ደግሞ የካፕስ ሎክ መብራት 2 ጊዜ እየደጋገመ ብልጭ ካለ ባዮሱ ተበላሽቷል ማለት ነው። የእናንተን ሞዴል ከአምራቹ ማኑዋል አረጋግጡ። አንድ ልጅ ባዮሱ ተጽፎ፣ እንደገና ተጽፎ፣ ቺፑም ተቀይሮ “አልሆነም” የተባለ ላፕቶፕ አመጣልኝ። ራሙ ከቦታው ለቆ ነበር። ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፣ በራ። ልጁ ደስ ይበለው ወይ ይናደድ ግራ ገብቶት ቆሞ ቀረ።

ሲሞስ ባትሪ መንቀል። ሁሉም የሚሞክረው ይህን ነው፣ ጉዳትም የለውም፣ ግን ከዚህ ብዙ አትጠብቁ። ሲአር2032 የምትባለዋ ባለ 3 ቮልት ባትሪ የምትይዘው ሰዓቱንና ሴቲንጉን ነው። የባዮሱ ፕሮግራም መብራት ሳይፈልግ ቺፑ ላይ ተጽፎ ይኖራል፤ ባትሪዋን ለአንድ ወር ብትነቅሏት የተበላሸው አይድንም።

አሁን ወደሚያበሳጨው ልምጣ። አምራቾቹ ለዚህ ቀን ብለው ባዮሱ የሚመለስበት በር ሠርተው ትተዋል፣ ሰው ግን በሩን ሳያንኳኳ ግድግዳውን ያፈርሳል። ኤችፒ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ የተሳለበትን ቁልፍና ቢ፣ እሱ እምቢ ካለ ዊንዶውስና ቪ አንድ ላይ ይዛችሁ ፓወሩን ሁለት ሦስት ሰከንድ ትጫናላችሁ፤ ፓወሩን ለቃችሁ ሁለቱን ቁልፎች እንደያዛችሁ ትጠብቃላችሁ። አዳዲስ ዴሎች ላይ ኮንትሮልና ኢስኬፕን ይዞ ቻርጀሩን መሰካት ነው። ዴስክቶፕ ቦርድ ከሆነ ከጀርባው ትንሽ ቁልፍ ፈልጉ። ኤምኤስአይ ፍላሽ ባዮስ ይለዋል፣ አሱስ ባዮስ ፍላሽባክ፣ ጊጋባይት ኪው ፍላሽ ፕላስ። እሷ ካለች የባዮሱን ፋይል ከፍላሽ ዲስክ አንብባ ትጽፋለች፣ ፕሮሰሰርም ራምም አያስፈልግም፤ የፓወር ሰፕላዩ ገመዶች ከተሰኩ በቂ ነው።

“ሞክሬው አልሠራም” የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ፍላሽ ዲስኩን ስቀበለው ምክንያቱን አየዋለሁ። ወይ 64 ጊጋ ሆኖ ኤክስፋት ፎርማት ተደርጓል፣ ወይ ፋይሉ ዚፕ እንደሆነ ነው፣ ወይ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል፣ ወይ ስሙ አልተቀየረም። ፋት32 መሆን አለበት። መሳቢያ ውስጥ የተረሳችው የድሮ 4 ወይም 8 ጊጋ ፍላሽ ለዚህ ሥራ ከአዲሱ ትሻላለች። ስሙን ኤምኤስአይ የራሱን ሦስት ፊደል ነጥብ ሮም ይፈልጋል፣ ጊጋባይት ሙሉ ስሙን ነጥብ ቢን፣ አሱስ ስሙን የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ከባዮሱ ፋይል ጋር ይሰጣል። ምልክት የተደረገባትን ዩኤስቢ ቀዳዳ ተጠቀሙ፣ የፊት ለፊቱን አይደለም።

የፋይሉ ነገር ከተነሳ፣ ሞዴሉ “ይመሳሰላል” ማለት ዋጋ የለውም። ጊጋባይት አንድ ስም ያለው ቦርድ በተለያየ ሪቪዥን ያወጣል፤ ቁጥሩ ቦርዱ ጥግ ላይ ታትሟል፣ የእጅ ባትሪ አብርታችሁ አንብቡት። ከቴሌግራም ቻናል የወረደ ዳምፕ (ከሌላ ማሽን ቺፕ የተነበበ ሙሉ ቅጂ) ደግሞ ከማን ማሽን እንደተነበበ፣ ምን ተነካክቶ እንደሆነ አይታወቅም። ከአምራቹ ሳይት የሚገኝ ከሆነ እሱ ይቅደም።

ቀጥሎ ያለው ፕሮግራመር (ቺፑን በቀጥታ የሚያነብና የሚጽፍ መሣሪያ) ለገዙ ነው። ሲኤች341ኤ የሚባለው ርካሽ ነው፣ የቺፑን እግሮች የሚይዘው ክሊፕም አብሮ ይመጣል፣ አሁን ሁሉም ወጣት ባለሙያ ኪስ ውስጥ አለ። ጥሩ ነው። ግን ወገኖቼ፣ ቺፑን ከማጥፋታችሁ በፊት አንብቡት! በውስጡ ያለውን ሴቭ አድርጉ! ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት አላውቅም። “የተበላሸ ባዮስ አስቀምጬ ምን ይሠራልኛል” የሚል መልስ ነው የማገኘው። ይሠራላችኋል እኮ! የኢንቴል ላፕቶፕ ቺፕ ውስጥ ያለው ባዮስ ብቻ አይደለም። ዲስክሪፕተር የሚባል የክፍሎቹ ካርታ አለ። የማኔጅመንት ኢንጂኑ (ቦርዱ ውስጥ ለብቻው የሚሠራ የኢንቴል ትንሽ መቆጣጠሪያ) ክፍል አለ። የኔትወርክ ካርዱ ክፍል አለ፣ የዚያ ማሽን ማክ አድሬስ (የኔትወርክ መለያ ቁጥር) የተጻፈበት። የሲሪያል ቁጥሩ እዚያ ነው። ከፋብሪካ ዊንዶውስ ይዞ የመጣ ላፕቶፕ ከሆነ የዊንዶውሱ ቁልፍ እዚያ ነው። አፕዴቱ ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው የባዮሱ ክፍል ነው፣ ሌላው እንዳለ ይገኛል። እናንተ ኢሬዝ (አጥፋ) የምትለዋን ስትጫኑ ግን ሁሉም ይሄዳል፣ የዚያን ማሽን ማንነት ከየትም አታመጡትም።

ምን እንደሚከተል ልንገራችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ዴስክቶፖች በየተራ ኔትወርክ ይቆርጣሉ ተባልኩ። አንዱ ሲበራ ሌላው ይጠፋል። ኬብል ተቀየረ፣ ስዊች ተቀየረ፣ የኔትወርኩ ልጅ ተወቀሰ። ሄጄ የሁለቱንም ማክ አድሬስ ሳየው 88 88 88 88 87 88። ሁለቱም! ይህ ቁጥር የኢንቴል ባዶ ፋይል ውስጥ በናሙናነት የሚገኝ ነው። አንድ ባለሙያ ሁለቱንም በአንድ ዳምፕ ጽፎ፣ “ሠርቷል” ብሎ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ኮምፒውተሮቹ በርተዋል፣ እውነት ነው። የመጀመሪያው ንባብ ተቀምጦ ቢሆን ትክክለኛውን ቁጥር ቀድቶ መመለስ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር፣ ማንም አላስቀመጠውም። ሌላ ጊዜ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ ድርግም ብሎ የሚጠፋ ላፕቶፕ መጣ። ሙቀት ነው ተብሎ ፋን ተቀይሮለት፣ ፔስት ተቀብቶለት ነበር። የማኔጅመንት ኢንጂኑ ክፍል ከቦርዱ ጋር የማይሄድ ነበር፤ ኢንቴል እንዲህ ሲሆን 30 ደቂቃ ገደማ ሠርቶ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። ባለቤቱ ለፋኑ ከፍሏል፣ ለፔስቱ ከፍሏል፣ ከዚያ ለእኔ ከፈለ።

ስለዚህ አንብቡ። አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሁለቴ አንብቡና ሁለቱን ፋይሎች አወዳድሩ። አንድ ዓይነት ካልሆኑ ክሊፑ በደንብ አልያዘም፤ አስተካክላችሁ ድጋሚ አንብቡ። ያነበባችሁት ከላይ እስከ ታች ኤፍኤፍ (FF፣ ባዶ ቦታ ሲነበብ የሚታየው) ብቻ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ቺፑን ጭራሽ አልነካችሁትም ማለት ነው፣ “ባዶ ነው” ብላችሁ መጻፍ እንዳትጀምሩ። ፋይሉን በላፕቶፑ ሞዴልና በሲሪያል ቁጥሩ ሰይማችሁ አስቀምጡ፣ “ባዮስ አዲስ ፋይናል 2” ብላችሁ አይደለም። ከዚያ በኋላ አዲሱን የባዮስ ክፍል ከአሮጌው ዳምፕ ጋር አዋህዱት፣ የማሽኑ መረጃ የባዮሱ ክፍል ውስጥ ከሆነም ቀድታችሁ መልሱት። መጻፍ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ቮልቴጅ ሌላው ነው። ዊንቦንድ 25ኪው128 ሁለት ዓይነት ይመጣል፤ መጨረሻው ኤፍቪ የሆነው 3.3 ቮልት ነው፣ ኤፍደብልዩ የሆነው 1.8 ቮልት። ልዩነቷ አንዲት ፊደል ናት፣ ቺፑም ላይ በደቃቁ ተጽፋለች። ለ1.8ቱ አስማሚ ግዙ። ጥቁሩ ሲኤች341ኤ ደግሞ ብዙ ጊዜ የዳታ እግሮቹ 5 ቮልት ያወጣሉ፣ በመልቲሜትር ለክታችሁ ካላስተካከላችሁት ለ3.3ቱም ብዙ ነው።

ክሊፑ ላይ እያለ ቻርጀር አይሰካም። ባትሪውም ይነቀላል። ይህ ክርክር የለውም።

የፋይሉን መጠን እዩ። 64 ሜጋቢት ቺፕ በትክክል 8,388,608 ባይት ነው፣ 128ቱ 16,777,216። ከአምራቹ ሳይት ያወረዳችሁት ኤግዚ ፋይል ቺፑ ላይ እንዳለ የሚጻፍ አይደለም፣ ባዮሱ ከውስጡ መውጣት አለበት። የአሱስ ካፕ (CAP) የሚባለው የባዮስ ፋይል ብዙውን ጊዜ ከፊቱ 2048 ባይት ትርፍ አለው፣ እሱ ካልተቆረጠ ሁሉም ነገር ቦታውን ይስታል። አንዳንድ ላፕቶፕ ደግሞ አንድ 8 ሜጋባይትና አንድ 4 ሜጋባይት፣ ሁለት ቺፕ አለው፤ 12 ሜጋ ዳምፕ ይዞ “ለምን አልገባም” የሚል ሰው በየወሩ አላጣም።

ሆት ኤር (በሙቅ አየር ቺፕ የሚያነሳ መሣሪያ) ያልተለማመደ ሰው ቺፑን ልንቀል አይበል። ቺፑ ርካሽ ነው፣ ከሥሩ ያለው ፓድ (እግሩ የሚበየድበት ነጥብ) ከተነሳ ግን ሥራው ሽቦ መጎተት ይሆናል። በማይሠራ ቦርድ ላይ ተለማመዱ፣ መርካቶ በኪሎ ሳይቀር ታገኛላችሁ።

መብራቱን አልረሳሁትም። አገራችን ነው፣ ይሄዳል። እዚህ የሚሸጠው አብዛኛው ላፕቶፕ ስላይትሊ ዩዝድ ነው፣ ባትሪው ደክሞ ነው የሚመጣው። ፕሮግራሙ “ባትሪው አነስተኛ ነው” ብሎ እምቢ ሲል፣ ይህን ፍተሻ የሚያዘልል ትዕዛዝ ዩቲዩብ ላይ አግኝቶ በግድ የሚያስጀምረው ሰው ነው በማግስቱ የሚመጣልኝ። የሚገርመው ደግሞ መልሶ ሲያድነውም በዚያው በሞተ ባትሪ፣ ያለ ዩፒኤስ መሞከሩ ነው። የሚሠራ ባትሪ ለአንድ ሰዓት ተዋሱ።

ማሽኑ በርቶላችሁ ደግሞ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቢትሎከር ነው፣ የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ። ባዮሱ ሲቀየር፣ በተለይ የማኔጅመንት ኢንጂኑ ክፍል እንደ አዲስ ሲጻፍ፣ ዲስኩን የሚከፍተው ሚስጥር አልገጥም ይላል። እዚህ ጋ ደንግጦ ዊንዶውስ ፎርማት የሚያደርግ ባለሙያ አለ፣ የደንበኛው የአምስት ዓመት ፎቶ አብሮ ይሄዳል። ቁልፉ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ዊንዶውሱን ሲከፍት በተጠቀመበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጧል። ሰውየውን ደውላችሁ ጠይቁት፣ ፓስወርዱን ረስቶት ከሆነም ይፈልግ፣ ጊዜ ስጡት።

ወደ ጠጋኝ ስትወስዱት ደግሞ የሞከራችሁትን አትደብቁ። “ምንም አልነካሁትም፣ እንዲሁ ጠፋ” ትሉናላችሁ፣ ከዚያ ስንከፍተው ብሎኖቹ ግማሽ ናቸው፣ ቺፑ ዙሪያ ፍለክስ (የብየዳ ቅባት) ፈሷል። አንቀየማችሁም። የትኛውን ፋይል ጻፋችሁ፣ በየትኛው ፕሮግራመር፣ ስንት ቺፕ ነካችሁ፣ ይህን ብታሳውቁን ግማሹ ሥራ ያልቃል። ያነበባችሁትን የመጀመሪያውን ፋይል በፍላሽ ዲስክ ይዛችሁ ኑ፣ የተበላሸም ቢሆን። ቻርጀሩንም እንዳትረሱት።