በእንግሊዝኛ የሙያ መጠሪያዎች ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ኢንጂነር»ን ከሞተር ጋር ማያያዝ። «ኢንጂን» ሞተር ስለሆነ ኢንጂነርም ከጥንቱ የሞተር ሰው የሚመስለው ብዙ ነው። ሁለቱም የወጡት ብልሃት ወይም የተፈጥሮ ችሎታ ማለት ከሆነው «ኢንጌኒየም» ከተባለ የላቲን ቃል ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በዚህ ስም የሚጠራው ድንጋይ መወርወሪያና ምሽግ መስበሪያ የሚሠራ የጦር ባለሙያ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ጆን ስሚተን ራሱን «ሲቪል ኢንጂነር» ያለው ድልድይ፣ ቦይና የባሕር መብራት ማማ ሠሪነቱን ከጦሩ ሥራ ለመለየት ነው። ስለዚህ «ሲቪል» የሚነግረን ሥራው ወታደራዊ አለመሆኑን እንጂ የሕንፃ መሆኑን አይደለም።

ኢንጂነር የሚል ማስታወቂያ ሁሉ ዲግሪ ይጠይቃል ብሎ ማሰብ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ የባቡር ነጂ ኢንጂነር ይባላል። «ስቴሽነሪ ኢንጂነር» የሕንፃን ቦይለርና ማቀዝቀዣ የሚቆጣጠር ሲሆን፣ «ኦፐሬቲንግ ኢንጂነር» ክሬንና ኤክስካቫተር ይነዳል። የሆቴል «ኢንጂነሪንግ» ክፍልም የጥገና ክፍል ነው። ስለዚህ ከርዕሱ በፊት የሥራ ዝርዝሩን ያንብቡ። በሌላ በኩል፣ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሥራን ንድፍ ፈርሞ ለማጽደቅ በየስቴቱ የሚሰጠው የፒኢ (ፕሮፌሽናል ኢንጂነር) ፈቃድ ያስፈልጋል። የተለመደው መንገድ እውቅና ካለው ተቋም ዲግሪ፣ ከዚያ ኤፍኢ የሚባለው የኢንጂነሪንግ መሠረታዊ ዕውቀት ፈተና፣ ቀጥሎ አራት ዓመት ያህል የሥራ ልምድ፣ በመጨረሻም የፒኢ ፈተና ነው።

በብሪታንያም «ኢንጂነር» የሚለውን ማንም ሊጠቀምበት ይችላል፤ ጥበቃ ያለው «ቻርተርድ ኢንጂነር» ነው። «አርክቴክት» ግን በ1997 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሕግ መሠረት ላልተመዘገበ ሰው ክልክል ነው። ሳዑዲ ውስጥ በኢቃማ (በመኖሪያ ፈቃድ) ላይ ኢንጂነር ተብሎ ለመመዝገብ የሳዑዲ ኢንጂነሮች ምክር ቤት እውቅና ይጠየቃል። ዲግሪውን ይዞ መሄድ ብቻ አይበቃም።

«ጆርኒማን»ን መንገደኛ ማድረግ። «ጆርኒ» በዛሬው እንግሊዝኛ ጉዞ ቢሆንም፣ ቃሉ «ቀን» ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፤ የተለማማጅነት ጊዜውን ጨርሶ በቀን ሂሳብ የሚከፈለው ባለሙያ ማለት ነበር። ዛሬ በአሜሪካ በኤሌክትሪክና በቧንቧ ሥራ በተለማማጅና በማስተር መካከል ያለ የፈቃድ ደረጃ ነው። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ በብዙ ስቴቶች ወደ 8,000 ሰዓት የሥራ ልምድና ፈተና ይጠይቃል። ስለዚህ ከአገር ቤት የሚመጣ የልምድ ደብዳቤ «አራት ዓመት ሠርቷል» ብቻ ካለ ይጎድለዋል። በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ምን ዓይነት ዝርጋታ፣ በማን ተቆጣጣሪነት እንደተሠራ ይጻፍበት። ፈቃዱ ሳይኖር «ጆርኒማን» ብሎ መጻፍ ግን የሌለዎትን ፈቃድ አለኝ ማለት ነው።

«ሰርቬየር»ን ሁሉ ቶታል ስቴሽን (የመሬት መለኪያ መሣሪያ) ተሸካሚ ማድረግ። መነሻው ከላይ ሆኖ ማየት፣ መቃኘት ነው፤ መሬት መለካት ከዘርፎቹ አንዱ ብቻ ነው። በብሪታንያ «ኳንቲቲ ሰርቬየር» የሥራ መጠንና ወጪ ያሰላል፤ «ቢልዲንግ ሰርቬየር» የቤቱን ስንጥቅና እርጥበት ይመረምራል። የመሬት ቅየሳ ሙያተኛ ከሆኑ በሲቪዎ ላይ «ላንድ ሰርቬየር» ብለው ይለዩት።

«ማሺኒስት»ም እንዲሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ በቶርኖና በሚሊንግ ማሽን ብረት የሚቀርጽ ሲሆን፣ ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ የልብስ ስፌት ማሽን ላይ የሚሠራም ሊሆን ይችላል።

«ስታፍ ኢንጂነር» ሲባል ተራ ሠራተኛ መስሎ መታየቱ። እኛ «ስታፍ» የምንለው የመሥሪያ ቤቱን ሰው ሁሉ ነው። በብዙ የሶፍትዌር ኩባንያዎች ግን ስታፍ ከሲኒየር በላይ ነው፤ ከእሱ በላይ ደግሞ «ፕሪንሲፓል» አለ። ቋሚ ሠራተኛ መሆኑን ለመግለጽ ብሎ «ስታፍ ኢንጂነር» የጻፈ የሁለት ዓመት ባለሙያ፣ ቃለ መጠይቁ ላይ የብዙ ቡድኖችን ሥርዓት ስለመንደፍ ሲጠየቅ ይደነግጣል።

የድሮ መጠሪያን በዛሬ ትርጉሙ ማንበብ። «ኮምፒውተር» እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በእጅ የሚያሰላ ሰው የሥራ መደብ ነበር። አሜሪካዊቷ የሒሳብ ባለሙያ ካትሪን ጆንሰን በ1953 (እ.ኤ.አ.) ናሳን ወደቀደመው ተቋም የገባችው በዚሁ መደብ ነው። ይህን «በኮምፒውተር ክፍል ተቀጠረች» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሰዎቹን ማሽን አድርጓቸዋል።

ማዕረግን በስሜት መተርጎም። ቴክኒሺያን የነበረ ሰው ስሙ እንዲከብድ ኢንጂነር ብሎ ሲጽፍ፣ የትምህርት ማስረጃው ራሱ ያጋልጠዋል። በአሠሪው ደብዳቤ ላይ ያለውን መጠሪያ እንዳለ ይጻፉ፤ ከሥሩ በአንድ መስመር የሠሩትን ያብራሩ። ጥርጣሬ ካለ ዓለም አቀፉን የሥራ መደቦች ምደባ፣ ኢስኮ-08ን ይመልከቱ። በ2 የሚጀምር ኮድ የፕሮፌሽናል፣ በ3 የቴክኒሺያን፣ በ7 የእጅ ሙያ ነው። ሲቪል ኢንጂነር 2142፣ የሲቪል ኢንጂነሪንግ ቴክኒሺያን 3112፣ የቧንቧ ሠራተኛ 7126 ነው። ደረጃውን ከኮዱ ጋር አስተያይተው ካልገጠመ፣ መቀየር ያለበት መጠሪያው ነው።