እርጉዝ ሆነሽ ላብራቶሪ ውስጥ ስትሠሪ ራስሽን ከኬሚካል እንዴት ትጠብቂያለሽ?

ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራ ሴት ማርገዟን ስታውቅ መጀመሪያ የሚመጣባት ጥያቄ «ሥራዬን ላቁም ወይ?» የሚል ነው። ለአብዛኞቹ መልሱ «አያስፈልግም» ነው። መራቅ ያለብሽ ከተወሰኑ ጠርሙሶች ነው። የትኞቹ እንደሆኑ ደግሞ ለይቶ ማወቅ ይቻላል። ከባዱ ነገር በጊዜ ማወቁ ነው።

1. ሆድሽ እስኪገፋ አትጠብቂ

እኛ ዘንድ እርግዝና ቶሎ አይወራም። ለጎረቤትና ለዘመድ ይሁን፣ ችግር የለውም። ለላብራቶሪ ግን አይሆንም። የፅንሱ ዋና ዋና አካላት የሚሠሩት ከተፀነሰ በኋላ ከ3ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የአንጎልና የህብለ ሰረሰር መነሻ የሆነው ቱቦ የሚዘጋው በ28ኛው ቀን አካባቢ ነው። ያን ጊዜ የወር አበባሽ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ቢሆነው ነው። ሚስጥሩን የምትይዥበት ጊዜና ፅንሱ በጣም የሚጎዳበት ጊዜ አንድ ላይ ይገጥማሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ቢቻል ለማርገዝ ስታስቢ ጀምሪ። ካልሆነም እንዳወቅሽ ለአንድ የምታምኚው ኃላፊ ንገሪ። ምክንያቱን ለመናገር ገና ካልፈለግሽ «ለጊዜው ከዚህ ኬሚካል መራቅ አለብኝ» ማለት ይበቃል።

2. ጠርሙሱን አንብቢ

ጠርሙሱ ላይ ቀይ ጠርዝ ያለው የዳይመንድ ቅርጽ ፈልጊ። ውስጡ ደረቱ ላይ ኮከብ የመሰለ ነገር ያለበት የሰው ምስል ካለ ቆም በዪ። ይህ ምልክት ለካንሰርም፣ ለሳንባ ጉዳትም፣ ለፅንስ ጉዳትም ስለሚውል ብቻውን አይበቃም። ከሥሩ ያለውን በH ፊደል (ኤች) የሚጀምር ቁጥር እዪ።

ኤች360 (H360) ማለት የመውለድ ችሎታን ወይም ፅንስን ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። ኤች361 ይጎዳል ተብሎ የሚጠረጠር ነው። ኤች362 ጡት የሚጠባን ሕፃን ሊጎዳ የሚችል ነው። ኤች340 እና ኤች341 የዘር ቅንጣትን የሚለውጡ ወይም ይለውጣሉ ተብለው የሚጠረጠሩ ናቸው።

ኤች360 ከተጻፈባቸውና ብዙ ላብራቶሪ ውስጥ ከሚገኙት ውስጥ ፎርማማይድ፣ ዲኤምኤፍ (ዳይሜቲል ፎርማማይድ)፣ ሜርኩሪ፣ የእርሳስ ጨዎች (ለምሳሌ ሊድ አሲቴት)፣ ቦሪክ አሲድና ፖታሲየም ዳይክሮሜት አሉ። ቶሉዊንና ክሎሮፎርም ኤች361 ናቸው። ኢቲዲየም ብሮማይድ ኤች341 ነው።

ፎርማሊን ላይ የምታገኚው የካንሰር ማስጠንቀቂያ ነው። ያ ግን አያዘናጋሽ። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የፊንላንድ ጥናት ቶሉዊን፣ ዛይሊን ወይም ፎርማሊን በሳምንት 3 ቀንና ከዚያ በላይ በሚጠቀሙ የላብራቶሪ ሠራተኞች ላይ ፅንስ የመውረድ ዕድል ከፍ ብሎ አግኝቷል። የፓቶሎጂ ክፍል (የሰውነት ናሙና በፎርማሊንና በዛይሊን የሚዘጋጅበት) ውስጥ የምትሠሪ ከሆነ ይህ በቀጥታ አንቺን ይመለከታል።

ጽሑፉ የለቀቀ ወይም ከትልቅ ጠርሙስ ተቀድቶ ስም ያልተጻፈበት ዕቃ ካጋጠመሽ አትክፈቺው፣ አታሽቺውም። ሽታ መለኪያ አይሆንም። ፎርማማይድ ለምሳሌ ሽታ የለውም በሚባል ደረጃ ነው፤ በቆዳ ግን ይገባል።

ለእያንዳንዱ ኬሚካል አምራቹ የሚያዘጋጀው የደህንነት መረጃ ወረቀት አለ። 16 ክፍሎች አሉት። አንቺ ክፍል 2ን፣ ክፍል 8ን እና ክፍል 11ን አንብቢ። ኢንተርኔት ባለበት ቀን አትመሽ ፋይል ውስጥ አስቀምጪው።

3. ዝርዝር ሠርተሽ ለሐኪም ውሰጂ

በአንድ ወረቀት ላይ የምትነኪያቸውን ኬሚካሎች ስም፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትነኪያቸውና ሁድ (ትነትን ስቦ የሚያስወጣ የመሥሪያ ሳጥን) ውስጥ ወይም ጠረጴዛ ላይ እንደምትሠሪ ጻፊ። «ኬሚካል ጋር ነው የምሠራው» ብቻ ካልሽው ሐኪሙ የሚመክርሽ ነገር አያገኝም።

እዚህ ላይ አንድ አደራ አለኝ። ሐኪሙ «ቀላል ሥራ ይሰጣት» ብሎ ብቻ እንዳይጽፍልሽ። ላብራቶሪ ውስጥ ቀላል ሥራ የሚባለው ብዙ ጊዜ ዕቃ ማጠብ ወይም ስቶር መቁጠር ነው። መስታወት ዕቃ በዳይክሮሜትና በሰልፈሪክ አሲድ ድብልቅ የሚታጠብበት ቦታ ከሆነ፣ ያዘኑልሽ መስሏቸው የባሰ ቦታ ይመድቡሻል። ስቶር ደግሞ ክዳኑ የላላና ስሙ የጠፋ ጠርሙስ የሚከማችበት፣ አየር የማይገባበት ክፍል ነው። ወረቀቱ ላይ የምትርቂያቸው ኬሚካሎች በስም ይጻፉ።

4. የሚተካውን ተኪ

መስታወት ለማጠብ ለአብዛኛው ሥራ የላብራቶሪ ሳሙና ይበቃል። ለዲኤንኤ ማቅለሚያ በኢቲዲየም ብሮማይድ ፋንታ ሳይበር ሴፍ አለ። በፌኖልና ክሎሮፎርም ዲኤንኤ ከማውጣት በኮለም የሚሠራው ኪት ይሻላል፤ ዋጋው ግን ይወደዳል። የሜርኩሪ ቴርሞሜትር በዲጂታል ይቀየር። መተካት ካልተቻለ ያንን አንድ እርምጃ ባልደረባሽ ይሥራልሽ፤ አንቺ በምላሹ ሌላ ሥራ ያዢለት።

ጨዋማ በፈሮች፣ ጠረጴዛ የምትጠርጊበት 70 ፐርሰንት አልኮልና የመሳሰሉት በተለመደው አጠቃቀም የሚያስጨንቁ አይደሉም።

5. ሁዱን በአግባቡ ተጠቀሚ፣ መብራት ሲጠፋም ተዘጋጂ

የሚተን ነገር ሁሉ ፊዩም ሁድ ውስጥ ይሠራ። የሁዱን የፊት መስታወት ምልክቱ እስካለበት ድረስ ዝቅ አድርጊ። ዕቃውን ከአፉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገቢው። ጭንቅላትሽ ወደ ውስጥ አይግባ። ከመጀመርሽ በፊት ቀጭን የሶፍት ቁራጭ አፉ ላይ ያዢ። ወደ ውስጥ ከተሳበ አየር እየሳበ ነው። ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ አትጀምሪ።

መብራት ሲጠፋ ሁዱ ይቆማል፣ ጠርሙሱ ግን መትነኑን አያቆምም። ጄኔሬተር እስኪነሳ ቆሞ መጠበቅ የተለመደ ነው። አንቺ አትጠብቂ። ጠርሙሱን ክደኚ፣ መስታወቱን እስከ ታች ዝጊ፣ ከክፍሉ ውጪ።

የፓቶሎጂ ክፍል ከሆነ የዛይሊን ዕቃዎች ቀኑን ሙሉ ክዳናቸው ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። ክዳን መመለስ ምንም ወጪ የለውም። የቀዶ ጥገና ማስክ እንደሆነ ትነትን አያስቆምም፤ እሱን አድርገሽ ተጠብቄያለሁ ብለሽ አታስቢ።

6. ጓንትሽ ከምን እንደተሠራ እወቂ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1996 አሜሪካ ዳርትማውዝ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበረችው ካረን ዌተርሃን የላቴክስ ጓንት ላይ ጥቂት ጠብታ ዳይሜቲል ሜርኩሪ ፈሰሰባት። በሁድ ውስጥ፣ በጥንቃቄ ነበር የምትሠራው። በኋላ ሲፈተሽ ኬሚካሉ እንዲህ ያለውን ጓንት በሰከንዶች ውስጥ አልፎ እንደሚገባ ታወቀ። ሰኔ 1997 ሞተች። ያ ኬሚካል በየላብራቶሪው አይገኝም። ትምህርቱ ግን ለሁሉም ጓንት ይሠራል።

ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ቀጭን ናይትራይል ጓንት ለፍንጣሪ ነው የተሠራው። ዲኤምኤፍና ክሎሮፎርም በደቂቃዎች ውስጥ ያልፉታል። ከፈሰሰብሽ ወዲያው አውልቂ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ አዲስ አድርጊ። ለዲኤምኤፍ የሚሆነው ቡቲል ጎማ ነው። ጓንት አጥቦ መልሶ ማድረግ አይሆንም። በጓንት ስልክ መንካት፣ በር መክፈትም እንደዚያው።

7. ኬሚካሉን ወደ ቤት አታምጪ

ጋዋን ቤት ወስዶ ከልጆች ልብስ ጋር ማጠብ የተለመደ ነው። ይቅር። መሥሪያ ቤት ካላጠበልሽ ለብቻው ይታጠብ። ምሳ ዕቃ የሪኤጀንት (የላብራቶሪ ኬሚካል) ፍሪጅ ውስጥ አይግባ። ሻይና ቡናም ከላብራቶሪ ውጭ።

8. ሜርኩሪ ከፈሰሰ ወይም ኬሚካል ከነካሽ

ቴርሞሜትር ከተሰበረ አንቺ አትልቀሚ። ትነቱ ሽታም ቀለምም የለውም። መስኮት ይከፈት፣ አንቺ ውጪ፣ ሌላ ሰው ጠብታዎቹን በካርቶንና በፕላስተር ይሰብስብ። መጥረጊያ ጠብታውን ይበታትነዋልና አይነካ።

ኬሚካል ቆዳሽን ወይም ዓይንሽን ከነካ የነካውን ልብስ አውልቀሽ በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ታጠቢ። የጠርሙሱን ጽሑፍ ፎቶ አንሺ፣ ሰዓቱን ጻፊ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂጂ። አንድ ጊዜ መነካት ልጅሽ ተጎድቷል ማለት አይደለም።

9. መብትሽን ጠይቂ

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራው ለእናቲቱ ወይም ለፅንሱ ጤና አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ የሥራ ቦታ መዛወር እንዳለባት ይደነግጋል። ለእርግዝና ምርመራም ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አለሽ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንሽ የምትተዳደሪው በሲቪል ሰርቪስ ሕጉ ስለሆነ የሰው ሀብት ክፍሉን ጠይቂ። አሜሪካ ለምትሠሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2023 ጀምሮ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ለእርጉዝ ሠራተኛ ተገቢውን ማመቻቸት እንዲያደርግ የሚያስገድድ ሕግ አለ። ጥያቄሽን በጽሑፍ አድርጊው፣ ቅጂውን ያዢ።

10. ከወለድሽ በኋላ

ወደ ሥራ ስትመለሺ ዝርዝርሽን እንደገና አውጪው። ጡት የምታጠቢ ከሆነ አሁን የምትፈልጊው ኤች362ን ነው። እርሳስና ሜርኩሪ ወደ ጡት ወተት ያልፋሉ፤ ስለዚህ እስክታስጥዪው ከእነሱ ራቂ። ወተት የምታልቢ ከሆነ ከላብራቶሪው ውጭ የሚቆለፍ ክፍልና የወተት ብቻ የሆነ ፍሪጅ አስቀድመሽ አስፈቅጂ።