«አብሽሪ» ለማለት አትቸኩሉ፦ የልጃገረዶችን የመደማመጫ ቡድን ለምትመሩ

ደሴ ላይ ሰው ሲከፋው መጀመሪያ አፋችን ላይ የምትመጣው ቃል «አብሽሪ» ናት። ደግ ቃል ናት፤ እኔም በቀን ስንቴ እላታለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ከመደማመጫ ቡድኔ ልጆች ጋር ስቀመጥ ግን እውጣታለሁ። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም። የሴት ተማሪዎች ክበብን ስረከብ አጭር ሥልጠና ወስጄ ነው የጀመርኩት። ስለዚህ የምጽፈው እንደኔ ላለችው ነው፦ ለመምህርት፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የሰፈር ልጆች ለሚያምኗት አክስት።

ከስምንት እስከ አስር ልጅ ይበቃል። አሥራ አምስት ከሆኑ ትምህርት ክፍል ይመስላል፤ አራት ከሆኑ ደግሞ አንዷ ስትቀር የቀሩት ይተፋፈራሉ። የ13 ዓመቷን ከ18 ዓመቷ ጋር አትቀላቅሉ። እህትማማቾችንና የአንድ ግቢ ልጆችን ለያዩ። ሰኞን አታስቡት፤ ገበያ ነው፣ ልጆቹ እናቶቻቸውን ያግዛሉ። እኛ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ጀምረን ዘጠኝ ተኩል ላይ እንጨርሳለን፤ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሳይወርድ ቤታቸው ይገባሉ። ረመዳን ሲገባ ሰዓቱን ራሳቸው ይምረጡ።

እናቶችን ቤታቸው ሄዳችሁ አናግሩ። አንዲት እናት በር ላይ አቁመውኝ «ምን ልትመክሪያት ነው?» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም፤ ነገሩን «የምክር አገልግሎት» ስለምንለው ሁሉም ምክር ይጠብቃል። «አልመክራትም እትዬ፤ እርስ በርስ እንዲደማመጡ ነው» አልኳቸው። «እንግዲያው ለእኔም ቦታ ያዥልኝ» ብለው ሳቁ።

ክፍሉ በሩ የሚዘጋ፣ መስኮቱ ከውጭ የማያሳይ ይሁን። ለሚስጥር ብቻ አይደለም፤ ሂጃብ የሚያደርጉት ልጆች ጸጉራቸውን እንዲፈቱ ነው። መጀመሪያ ቡና አፈላ ነበር፤ ወሎ ውስጥ ያለ ቡና ምን ጨዋታ አለ ብዬ። በሁለተኛው ሳምንት ልብ ብዬ ሳይ አንዷ ትቆላለች፣ አንዷ ስኒ ታጥባለች፣ አንዷ ከሰል ታራግባለች። ቤት ሲሠሩ የዋሉ ልጆች እዚህም ሥራ ላይ ናቸው። ተውኩት። አሁን ቆሎ እኔው ይዤ እመጣለሁ።

ቡናውን የተካው ሹሩባ ነው። አንዷ ከፍ ብላ ትሠራለች፣ ሌላዋ ከፊቷ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች። ዓይን ለዓይን ሲተያዩ የማይወጣ ነገር ጀርባ ሲሰጣጡ ይወጣል። እጅ ሥራ ሲይዝ ደግሞ ዝምታው አያስጨንቅም።

ደንባችን ሦስት ነው። ማንኛዋም «እለፉኝ» ማለት ትችላለች፤ ለምን አትባልም። የምትናገር ልጅ ሳትጨርስ አትቋረጥም። የሰማነው እዚሁ ይቀራል።

ሦስተኛውን ያፈረስኩት እኔው ነኝ። ስም ሳልጠራ ስለ አንዲት ልጅ መምህራን ክፍል ውስጥ አወራሁ። ደሴ ሰፊ ትመስላለች እንጂ «አባቷ ጋራዥ ያለው፣ ባለፈው ዓመት ከኮምቦልቻ የመጣችው» ካላችሁ ስም ጠርታችኋል። (ምልክቱን ቀይሬዋለሁ፤ ያን ያህልስ ተምሬአለሁ።) ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ችግር የለውም ቲቸር» አለችኝ። ተመልሳ ግን አልመጣችም።

ሁሉንም ሚስጥር እጠብቃለሁ ብላችሁም ቃል አትግቡ። በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ማንም ምንም ሳትናገር፣ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ «ሰው እየጎዳሽ ከሆነ፣ ራስሽን ለማጥፋት ካሰብሽ፣ 18 ሳይሞላሽ ሊድሩሽ ከሆነ ብቻዬን አልይዘውም። ለማን እንደምናገር ግን ቀድሜ ላንቺ እነግርሻለሁ።» የተደፈረች ልጅ ካለች ሰዓት ይቆጠራል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ቅዳሜ የሰማችሁትን ለሰኞ አታሳድሩ፤ ያኔውኑ አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

አሁን ወደ «አብሽሪ»። እናቷ ዓረብ አገር ያለች አንዲት ልጅ፣ ጸጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ሳለ፣ «እማዬ ስትደውል ደህና ነኝ እላታለሁ» አለች። (ይህን የምጽፈው አስፈቅጃት ነው።) የምትሠራት ልጅ ወዲያው «አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል» አለቻት። «እሺ» አለችና ዝም። አለቀ። አጽናኝዋ ክፉ አልሠራችም፤ ግን ቃሏ ቶሎ መጥታ በሩን ዘጋችው።

በሳምንቱ አንድ ልማድ አመጣሁ፦ ከ«አብሽሪ» በፊት አንድ ጥያቄ። ያቺው ልጅ ተራዋ ሲደርስ ያንኑ ደገመችው። የምትሠራት ልጅ ማበጠሪያውን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ ትንሽ አሰበችና «ስልኩ ሲዘጋስ?» አለቻት።

«ሲዘጋማ ትንሹን ወንድሜን እቆጣዋለሁ። ምንም ሳያደርገኝ።»

ከወዲያ ጥግ «እኔም» የሚል ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ሌላ «እኔም»፣ ከዚያ ሌላ። እኔ መቶ ጊዜ ብመክር ያቺን «እኔም» አላመጣትም። «አብሽሪ» ከዚያ በኋላ ትምጣ፤ ያኔ ትጣፍጣለች።

«ደበረኝ» የምትለውንም ቃል ዝም ብላችሁ አትለፏት፤ የማትሸፍነው ነገር የለም። ሆድ ባሰሽ? ተናደድሽ? አፈርሽ? ብላችሁ ለያይታችሁ ጠይቁ።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እነዚህ ልጆች ትንንሾች ነበሩ። እስከ ዛሬ በር ሲላተም የምትደነብር አለች። ያየችውን ከሥር እስከ ጫፍ እንድትተርክ አትገፋፏት፤ የሌሎቹንም ይቀሰቅሳል። እግሯን መሬት ታስረግጥ፣ ትንፋሿን በዝግታ ታስወጣ፣ ክፍሉ ውስጥ የምታያቸውን አምስት ነገሮች በስማቸው ትጥራ። ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣች ወይም ከምግብ ከራቀች ግን የእኛ ቅዳሜ አይበቃትም፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት አለባት። ወረቀት ጽፎ መላክ አይሠራም። ልጆች የሚመለሱት ከካርድ ክፍሉ ሰልፍ ላይ ነው፤ ሰልፉን እናንተ ቁሙላት።

አንዱ ዙር ስምንት ሳምንት ነው። መቼ እንደሚያልቅ በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው፣ በስድስተኛው ሳምንት ደግሞ አስታውሷቸው፤ ሳይሰናበታቸው የሄደ ሰው በዝቶባቸዋል። በመጨረሻው ቅዳሜ እኔ ዝቅ ብዬ እቀመጣለሁ፣ እነሱ እየተፈራረቁ ይሠሩኛል። ሰኞ ጠዋት መስመሩ የተዛነፈ ሹሩባዬን ይዤ ክፍል እገባለሁ።