ቲዩብ አምፕ ከመግዛታችሁ በፊት የሄድፎናችሁን ኦም እዩ

በደብረ ብርሃን ብርድ፣ ማታ ጋቢ ደርቦ፣ የቲዩብ አምፕ (በመስታወት ቱቦ የሚሠራ የድምፅ ማጉያ) ቲዩቡ ቀላ ሲል እያዩ በዝግ ሄድፎን (ጀርባው የተዘጋ) በገና መስማት ልዩ ነው። ግን ውድ አምፕና ውድ ሄድፎን ስለተገናኙ ብቻ አይገጥሙም፤ ይቺን ልንገራችሁ። ኦቲኤል የሚባሉት፣ የአውትፑት ትራንስፎርመር የሌላቸው አምፖች፣ የራሳቸው የአውትፑት ኢምፒዳንስ (በኦም የሚለካ ለኤሌክትሪክ ያለ እንቅፋት) ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ነው። እኔ በ32 ኦም ዝግ ሄድፎን ሞክሬው ቤዙ አበጠ፣ እያንዳንዱ የበገና አውታር ለብቻው መንዘሩ ቀርቶ ሁሉም አንድ ላይ ጉምጉም አለብኝ፣ ድምፁን ከፍ ሳደርገው ደግሞ ጭራሽ ተበላሸ።

ለኦቲኤል እንደ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ 250 ኦሙ፣ አቅም ካለ እንደ ዜድኤምኤፍ ቬሪቴ ክሎዝድ ያለ 300 ኦም ያዙ። እንደ ፎካል ስቴሊያ ያለ 35 ኦም ካላችሁ ግን ትራንስፎርመር ያለው አምፕ ፈልጉ። የሄድፎኑን ኦም ለ8 አካፍሉት፤ የአምፑ የአውትፑት ኢምፒዳንስ ከዚያ ካልበለጠ በጣም ጥሩ ነው።

ሄድፎኑን ቲዩቡ ከሞቀ በኋላ ሰኩት። መብራት ሄዶ ሲመጣም እንደዚያው። አምፑን ዘመድ ከአሜሪካ ካመጣላችሁ ደግሞ ከኋላው 120 ቮልት ብቻ የሚል እንዳይሆን እዩ፣ የኛ 220 ነው።