ከፊዚክስ ወደ ኢነርጂ ፖሊሲ ለመግባት ከፍሪጅህ ጀምር

የእህቴ ልጅ በፊዚክስ ሊመረቅ ሁለት ወር ሲቀረው ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የኢነርጂ ፖሊሲ ላይ መሥራት ፈልጌ ነበር፤ ከየት ልጀምር?» እኔ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞርኩ የመብራት ፍጆታ የምለካ ሰው ነኝ። የመለስኩለት ይህን ነው።

አርብ ማታ፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ግቢህን ዙር። በአሜሪካ የኢነርጂ ቁጠባ አባት የሚባለው አርተር ሮዘንፌልድ የጀመረው እንደዚያ ነው። የታዋቂው ፊዚክሰኛ የኤንሪኮ ፌርሚ ተማሪ ነበር፤ በርክሌይ ላይ የቅንጣት ፊዚክስ ይሠራል። ኖቬምበር 1973 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)፣ የዓረብ አገሮች በአሜሪካ ላይ የነዳጅ ማዕቀብ በጣሉ ሰሞን፣ ማታ ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲል የጎረቤት ቢሮዎች መብራት እንደበራ ነው። እስከ ሰኞ ቢቆይ እያንዳንዱ ቢሮ የ5 ጋሎን ነዳጅ ያህል እንደሚፈጅ አሰላና 20ውንም ሊያጠፋ ተነሣ። ማብሪያ ማጥፊያው ግን የታለ? አንዱ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ጀርባ፣ ሌላው ከፋይል ካቢኔት ኋላ፣ ሌላው ፖስተር ተለጥፎበታል። 20 ደቂቃ ፈጀበት። ስሌቱን የአሥረኛ ክፍል ተማሪም ይሠራዋል፤ ካቢኔት የሚገፋ ነው የሚታጣው።

ከዚያ አንድ ዕቃ ምረጥ። ፍሪጅ ይሻላል፣ ቀን ከሌት አይነቀልም። ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ቆጣሪ ግዛና ፍሪጁን በእሱ በኩል ሰክተህ ሦስት ቀን ተወው። እኔ መጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰዓት ብቻ ለክቼ በዓመቱ 8,760 ሰዓት አባዛሁት። ለካ ያኔ ሞተሩ አርፎ ኖሯል! የደንበኛዬ ፍሪጅ ከአንድ አምፖል ያነሰ ይበላል ብዬ አረፍኩ። ሴትየዋ እስካሁን ትስቅብኛለች።

የእኔው ፍሪጅ በሦስት ቀን 3.9 ኪሎዋት ሰዓት በላ፤ በዓመት 475 ገደማ መሆኑ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ አዲስ ፍሪጅ 1,800 ገደማ ይበላ ነበር። ልዩነቱን በ10 ሚሊዮን ቤት አባዛው፦ 13 ቢሊዮን ኪሎዋት ሰዓት። 1,000 ሜጋዋት ያለው አንድ የኑክሌር ጣቢያ በዓመት የሚያመነጨው 7 ወይም 8 ቢሊዮን ነው።

ባለሥልጣን ፊት ስትቀርብ ታዲያ ኪሎዋት ሰዓት አትቁጠርበት፤ ጣቢያ ቁጠርለት። ሮዘንፌልድ ለካሊፎርኒያው አገረ ገዢ ጄሪ ብራውን ያለው፣ ፍሪጅ ከዚህ በላይ እንዳይበላ የሚል ደረጃ ቢወጣ በረሃ ላይ ሊተከል የታሰበውን የሰንዴዘርት ኑክሌር ጣቢያ ያህል ኃይል ይተርፋል ነው። ደረጃው ወጣ። ሰንዴዘርትም፣ በሌላ ምክንያት ጭምር፣ ሳይሠራ ቀረ።

ስብሰባ ይበዛል፣ ቻለው። አትቸኩል፤ ሮዘንፌልድ የካሊፎርኒያ ኢነርጂ ኮሚሽን አባል የሆነው በ2000፣ 70ን ካለፈ በኋላ ነው።

ልጁ ትናንት ደወለ። የእናቱን ፍሪጅ ሊለካ ሰክቶ በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ። «ከዜሮ ልጀምር?» አለኝ። ጀምር፣ ግን የጠፋበትን ሰዓትም ጻፈው አልኩት።