"ቲቸር" ካላችሁ ሽዋን ታውቁታላችሁ

ደብረ ብርሃን ላይ ማታ ማታ ጋቢ ደርበው እንግሊዝኛ ሊያጠኑ የሚመጡ ልጆች አሉኝ። ከሁሉ የሚያስቸግራቸው ሽዋ የሚባለው ደከም ያለ አናባቢ ድምፅ ነው። ስሙ ከዕብራይስጥ የመጣ ነው፤ ከእኛ ሸዋ ጋር የሚያገናኘው መመሳሰሉ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ግን እንደ እሱ የሚበዛ አናባቢ የለም።

የመጀመሪያው ስህተት ባዕድ ነው ብሎ መፍራት ነው። እስቲ "ቲቸር" በሉ። "ቸ" ላይ የምትሰሙት እሱ ነው፤ ቢያንስ የቅርብ ዘመዱ። ለ፣ መ፣ በ፣ ተ ስንል ግዕዞቹ ሁሉ ይህን ድምፅ ይዘዋል። እንደ ሀ እና አ ያሉት ብቻ እንደ ራብዕ ስለሚነበቡ እነሱን ተዉአቸው። ልጆቻችን ቀኑን ሙሉ "ቲቸር፣ ቲቸር" እያሉ ሽዋን የለም ሲሉኝ በጣም ይቆጨኛል።

ሁለተኛው ፊደሉን ማመን ነው። ሙዝን በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ሦስት "ኤ" አለው። ልጆቹ ሦስቱንም በራብዕ "ባናና" ይሉታል። ትክክሉ ወደ "በናነ" ይጠጋል፤ መሃሉ ብቻ ይከፈታል። ሎሚም "ሌሞን" ሳይሆን "ሌመን" ነው፤ እዚህ ሽዋ "ኦ" ላይ ተቀምጧል። "ሰርከስ" ላይ "ዩ"፣ "ፔንሰል" ላይ ደግሞ "አይ" ላይ ታገኙታላችሁ። የራሱ ፊደል የለውም፤ በዓይን ብትፈልጉት አታገኙትም።

ዋናው ስህተት ግን ሁሉንም ቀለም፣ ማለትም የቃሉን ክፍለ ድምፅ ሁሉ፣ እኩል መጥራት ነው። አማርኛችን ለእያንዳንዱ ቀለም ድርሻውን ይሰጣል። እንግሊዝኛ አንዱን ጠበቅ አድርጎ ሌላውን ይውጠዋል፤ ሽዋ የሚገኘው ከተዋጠው ላይ ነው። ባለፈው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ "ፎቶግራፈር" ብላ አነበበች። እስክሪብቶ ይዤ ጠረጴዛውን መታሁላት፤ አንድ ጠንካራ ምት፣ ሌላው ቀስ ያለ። "ፎተግራፍ" ሲሆን ጠንካራው ምት "ፎ" ላይ ነው። "ፈቶግረፈር" ሲሆን ወደ "ቶ" ይዞራል፤ የቀሩት ሦስቱ ሽዋ ይሆናሉ። ሦስቴ ሞከረችና በአራተኛው ወጣላት። ምቱ የት እንዳለ ካላወቃችሁ መዝገበ ቃላት ግለጡ፦ ከሚጠብቀው ቀለም ፊት ትንሽ ቋሚ ጭረት አለች። ሽዋ ደግሞ የተገለበጠችው ትንሿ የእንግሊዝኛ "ኢ" (ə) ናት።

ሽዋን ከሳድሱ "እ" ጋር አትቀላቅሉ። "እስኩል"፣ "እስፖርት" ስንል ያ "እ" የራሳችን ጭማሪ ነው፤ እንግሊዝኛው እዚያ ቦታ አናባቢ የለውም።

ትንንሾቹን ቃላትም አትርሱ። "መዋኘት እችላለሁ" ለማለት "አይ ከን ስዊም" ነው፤ "ከን" ፈጠን፣ ደከም ብላ ታልፋለች። "ካን" ብላችሁ አጥብቃችሁ ከጠራችሁ፣ ሰሚው "ካንት" (አልችልም) ያላችሁ መስሎት ዋና አይችሉም ብሎ ሊያስብ ይችላል።